ክንድ ያረፈበት በር

አባትየው ሲሞት ለሁለት ልጆቹ ሁለት አሮጌ የፈረንሳይ የስፖርት መኪኖች ተወላቸው። ሰማያዊዋ አልፒን ለታላቅየው፣ ብርማው ሲትሮን ለታናሽየው ደረሱ።

ታላቅየው የታወቀ የባትላሜራ ሠራተኛ ነው፤ ደንበኞቹ «እጀ ወርቁ» ይሉታል። ማታ ማታ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ እሱ ወደ አልፒኗ ነበር የሚሄደው። በብርጭቆ ወረቀት ፈቀፈቃት፣ ስቱኮ ሞላት፣ ቀለም ደራረበላት። ሚስቱ «እኔንም ቀባኝና ታየኛለህ» ብላ ስትቀልድ ኖራ፣ በኋላ መቀለዱንም ተወችው። ታናሽየው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሲትሮኑን መጋዘን ውስጥ ሸራ አልብሶት ተኛ። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ቀን የጥንት መኪና ሰብሳቢ መጣ። ከሁለቱ አንዱን መርጦ በሚከፍተው አዳራሽ ሊያቆም፣ ከሥሩም የአባታቸውን ስም ሊያጽፍ ነው። እጀ ወርቁ የሚመኘው ይህንኑ ነበር። አባቱ በሕይወት ሳለ አንድ ቀን «ጎሽ» ብሎት አያውቅም፤ በእሱ ልፋት ስሙ ከተጠራ ግን ልጅ ማን እንደነበረ ይታወቃል።

ሰብሳቢው መጀመሪያ አልፒኗን ዞራት። «ቀላል ናት፣ ሞተሯም ከኋላ ነው። ዳገት ላይ እንደ ፍየል ነው የምትወጣው» አለ። «እጅህ ይባረክ፤ ከፋብሪካ ስትወጣም እንዲህ አላማረችም።»

የእጀ ወርቁ ልብ ቅቤ ጠጣ።

ቀጥሎ መጋዘን ገቡና ሸራውን ገለጡ። «ይሄ ደግሞ ከባዱ፣ የረጅም መንገዱ ነው» አለ ሰብሳቢው፤ ወዲያው ጎንበስ ብሎ የሹፌሩን በር አየ። «እዚህ ጋ ቀለሙን ምን ላጠው?»

«የአባባ ክንድ ነው» አለ ታናሽየው። «መስኮቱን ከፍቶ ሲነዳ ሁልጊዜ እዚህ ነበር የሚያሳርፈው።»

ሰብሳቢው ቀና አለ። «ይሄንን ነው የምወስደው። ያቺ አዲስ ሆናለች፤ ይሄ ግን ሰውየው አለበት። አደራ፣ አቧራውን እንኳ እንዳትነኩት።»

ይህን ሲል እጀ ወርቁ የመወልወያ ጨርቅ ይዞ ሊወለውል እጁን ዘርግቶ ነበር። ጨርቁን ኪሱ ከተተው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ምንም አልሠራሁም» አለ ታናሽየው አፍሮ።

«እሱማ አልሠራህም» አለ እጀ ወርቁ።

ሁለቱን ተዋውለው እንዲጨርሱ ትቷቸው ወደ አልፒኗ ተመለሰ። አባቱ ይበልጥ የሚነዳው እሷን ነበርና በሯ ላይ የተላጠው ቦታ ከሲትሮኑ ይሰፋ ነበር። «እንዴት ያስጠላል» ብሎ መጀመሪያ የፈቀፈቀው እሱን ነው። ብናኙንም ራሱ ጠርጎ ደጅ ደፍቶታል።

ገብቶ መሪው ፊት ተቀመጠ። መስኮቱን ከፈተና ክንዱን እንደ አባቱ በሩ ላይ አሳረፈ። ቀለሙ ከመለስለሱ የተነሣ ክንዱ ተንሸራተተ።