ሁለት ዙር

ሰባተኛ ፎቅ የደረሰ ለቅሶ ደራሽ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ትንፋሹን ነበር። ደረጃው ሰውን ከሐዘኑ በፊት ያደክመዋል። በሩ ላይ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እግዜር... ያጽና...» ይልና የቀረችውን «ችሁ» ወንበር ካገኘ በኋላ ይጨርሳታል። አንዲት ወፈር ያሉ አክስት እሪ ሊሉ አፋቸውን ከፍተው አየር ብቻ ቢወጣቸው፣ ከተቀመጡት መሃል ሁለት ሦስት ሰው አንገቱን ደፍቶ ሳቁን ዋጠ። ሟቹ ቢኖር ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር።

የሟቹ ልጅ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ይህን ሁሉ እንደ ሩቅ ነገር ታያለች። ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። እንቅልፍ በዓይኗ ከዞረ ቆይቷል፤ የሰዎቹ እግር ወለሉን የሚነካ አይመስላትም፤ ድምፃቸውም ከውሃ ሥር እንደሚያወሩ ሆኖ ነው የሚደርሳት። ጥርት ብሎ የሚታያት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታች በሩን ዘግቶ የቆመው ሊፍትና በሩ ላይ በራሷ እጅ ጽፋ የለጠፈችው «አይሠራም» የሚል ወረቀት። ያ ሁሉ ሰው በእሷ ምክንያት ነው ሰባት ፎቅ በእግሩ የሚወጣው።

«አርባ ደቂቃ እኮ ነው እዚያ ሳጥን ውስጥ የቆየው» አለች የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤት፣ ሹክ ያለች መስሏት። «ባይቆምባቸው ኖሮ ሐኪም ቤት ይደርሱ ነበር።»

«የሱ ሥራ አልነበር ሊፍቱ?» አለቻት አጠገቧ ያለችው።

«የሱማ ነበር። አሁን የልጁ ነው።»

ልጅቷ የሻዩን ብርጭቆ በሁለት እጇ ጨብጣ አቀረቀረች። ሻዩ ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሊፍት ጠግኗል። የሥራ ጓደኞቹ «ቀስ በሉ» ነበር የሚሉት፣ ከአፉ የማይጠፋ ቃል ስለነበር። ደረጃ ሲወርድም፣ ሚስቱ ሽንኩርት ስትከትፍም፣ ሰው ሲቆጣም ቀስ በሉ ነው። ልጁ ሙያውን ልትማር ስትመጣ መጀመሪያ የወሰዳት ወደ ሞተሩ አልነበረም። ጣሪያው ሥር ባለችው የማሽን ክፍል ጥግ፣ ማንም ልብ ወደማይላት አንዲት መዘውር ነበር የወሰዳት።

«ይህቺ ጋቨርነር ትባላለች» አላት። «ከሊፍቱ ጋር በቀጭን የብረት ገመድ ተያይዛለች፤ እሱ ሲሄድ ትዞራለች። ሆዷ ውስጥ ያሉትን ሁለት ክብደቶች አየሻቸው? ሞላው ነው አቅፎ የያዛቸው። ሊፍቱ ከልኩ በላይ ከፈጠነ ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይወረወራሉ፣ መዘውሯ ቀጥ ትላለች፣ ገመዱ ይያዛል። ያኔ ከሊፍቱ ሥር ያሉት ሽብልቆች ሐዲዱን ነክሰው ያቆሙታል። መብራት ቢጠፋ፣ ሞተሩ ቢያብድ ጉዳይዋ አይደለም። የምታውቀው ፍጥነትን ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን ትንሽ አናላላውም ሞላውን? ቶሎ እንዲይዝ።»

አባቷ ሳቀ። «ቶሎ የሚይዝ ማለት በማያስፈልግ ጊዜም የሚይዝ ማለት ነው። ልኩ በቁጥር ተጽፏል። ለምትወጂው ሰው ብለሽ እንዳትነኪው።»

ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። ምክሩን በአንድ ጆሮዋ አልሰማችም፤ በሁለቱም ሰምታ ነበር። ግን ከሦስት ወር በፊት አባቷ ልቡን ታሞ ሥራ ሲያቆም፣ ወላጆቿ የሚኖሩበት ሕንፃ ሊፍት ለእሷ ተሰጣት። አንድ ቀን ከሰዓት ብቻዋን ከመዘውሯ ፊት ቆማ፣ አባትና እናቷ በዚህ ሊፍት ሲወጡ ሲወርዱ ታሰባት። መፍቻዋን አውጥታ የሞላውን ዳዶ ሁለት ዙር አላላችው። ከዚያ ማንም እንዳይነካው በቀጭን ሽቦ ማኅተሟን አሠረች፣ ቀለል ብሏት ወረደች። ለማንም አልተናገረችም።

ሊፍቱም ሦስት ወር ሙሉ እንደ ዋዛ ሠራ። አባቷን ሕመሙ ሲጠናበት ግን ሁለት ተሸካሚዎች ከነአልጋው አስገቡት፣ እናቷም ተከተለች። ሞልቶ ቁልቁል ሲወርድ እንደማንኛውም አሮጌ ሊፍት ትንሽ ፈጠን አለ። ድሮ ቢሆን ጋቨርነሯ ምንም አትልም ነበር፤ አሁን ግን ያዘች፣ ሊፍቱም በፎቆች መሃል ቀጥ አለ።

ስልክ ሲደወልላት ከከተማው ሌላ ጫፍ ነበረች። መንገዱ ተዘጋግቶ ሠላሳ ደቂቃ ፈጀባት። በቀጥታ ማሽን ክፍል ወጣች፤ ሽብልቅ የሚለቀው ሊፍቱ ትንሽ ወደ ላይ ሲሳብ ስለሆነ ሞተሩን በእጇ እያዞረች ወደ ላይ ሳበችው። በሩ ሲከፈት ከላይ ሆና ሰማች። ደረጃውን ስትወርድ ግን አውጥተው ወስደውት ነበር። አባቷ ሐኪም ቤቱ በር ላይ አረፈ። ፊቱን በሕይወት አላየችውም።

አሁን ትከሻዋን የነካት ባለብየዳው ነበር፣ የአባቷ የድሮ ባልደረባ። ወንበሩን ስቦ ተጠጋት።

«ጠዋት ላይ ወጥቼ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «አየሁት ሞላውን።»

ልጅቷ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

«ሰኞ ተቆጣጣሪው ይመጣል። የላላውን ሞላ እንዳየ እንጀራሽ አለቀ፤ ምናልባትም ከዚያ የባሰ። ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። እኔ ልውጣና ሁለት ዙር ልመልሰው። ማኅተም አለኝ። ዕቃው አርጅቶ ነው እንላለን፤ ማን ይቆጥራል?»

«የቆመበት ምክንያት ደብተሩ ላይ ሳይጻፍ ሊፍቱ አይነዳም፣ ጋሼ።»

«እሱንም እኔ እጽፈዋለሁ። አባትሽ ለኔ ብዙ ውለታ አለበት... ምን ነካኝ፣ እኔ ነኝ ያለብኝ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እስኪ አስቢበት።»

አሰበችበት። ደግሞም አስጎመጃት፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሁለት ዙር ናት፣ ብርጭቆ አጥቦ እንደመመለስ ያለ ነገር። ችግሩ ግን ተቆጣጣሪው አልነበረም። እናቷ ባታውቅ፣ እሷ ዕድሜ ልኳን እናቷ ፊት ተቀምጣ ሻይ ልትጠጣ ነው። ያን ማድረግ መቻሏን ነው ያላወቀችው።

እናቷን ወጥ ቤት አገኘቻት፣ ብርጭቆ ስታለቀልቅ። ጎረቤቶቹ እንዳትሠራ ቢለምኗትም እምቢ ብላቸዋለች። ከመስኮቱ የሚገባው የከሰዓት ብርሃን የውሃው እንፋሎት ላይ አርፎ ክፍሉን ነጭ አድርጎታል፤ እናትየው መሃሉ ላይ ሳስታ ነው የምትታየው።

«እማዬ፣ ሊፍቱን ያቆምኩት እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ። «ሞላውን አላልቼው ነበር። ለናንተ ብዬ።»

እናቷ ብርጭቆውን ከውሃው አላወጣችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«አባትሽ ነዋ። ገና እንደቆመ ጆሮውን አቀና። ‹ሰማሽ? ሽብልቁ ነው የያዘው። ያን ያህል አልፈጠንንም እኮ› አለኝ። ቆይቶ ፈገግ አለ። ‹ልጅቷ ነክታዋለች።›» እጇን በቀሚሷ አደራረቀች። «እሱ ፈገግ አለ። እኔ ግን ጠላሁሽ። አሥር ደቂቃ ያህል፣ አምጬ የወለድኩሽን ልጅ ጠላሁሽ። ልደብቅሽ አልችልም።»

ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። እናቷም ቀስ ብላ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ከዚያ ማውራት ጀመረ። ያ ሁሉ ዓመት ቀስ በሉ ከማለት በቀር የማያወራ ሰው። ተሸካሚዎቹ ጨዋዎች ናቸው፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩልን። ስንጋባ ጫማው ጠቦት ሲያነክስ መዋሉን ነገረኝ፤ እኔ እኮ ኩራት መስሎኝ ነበር እንደዚያ የሚራመደው። ምድጃውን አጥፍተሻል ወይ አለኝ። እጄን ይዞ አሸለበ። ሊፍቱ ትንሽ ይወዛወዝ ነበር፣ ጀልባ ላይ ያለን ነበር የሚመስለኝ።»

«ቢደርስ ይድን ነበር?»

«ሐኪሙን ጠየቅሁት። ‹አላውቅም› አለኝ። እሱ ካላወቀ እኔም አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም። እንዲሁ ሳናውቅ ነው የምንኖረው። አንድ ነገር አደራ ብሎኛል። ‹ማኅተሙን ራሷ ትፍታው፤ ማንም እንዳይነካባት። ምክንያቱንም ራሷ ትጻፈው› ብሏል። ሰሞኑን ልነግርሽ እያልኩ አፌ እምቢ አለኝ። አንቺ እስክትመጪ ጠበቅሁሽ መሰለኝ።»

ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ ተደፍታ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።

ከዚያ ፊቷን ታጥባ ማሽን ክፍል ወጣች። ባለብየዳው ከደረጃው ሥር ቢያያትም አልተከተላትም። ማኅተሙን ቆረጠች፣ ዳዶውን ሁለት ዙር መለሰች፣ በመለኪያው አረጋገጠች፣ አዲስ ማኅተም አሠረች። በደብተሩ ላይ የቀኑን ጽሑፍ አጭር አድርጋ ጻፈች፤ «ያለ ልኩ ቆሟል። ሞላው ሁለት ዙር ላልቶ ነበር። ያላላሁት እኔ ነኝ።» ፈረመች። ሰኞ የሚመጣው ሰው ያንብበው።

በሙያው ወግ አዲስ ማኅተም ያሠረ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይሳፈራል። ታች ወርዳ ወረቀቱን ነቅላ፣ በደረጃ ተመልሳ ሊፍቱን ወደ ሰባተኛ ስትጠራው እናቷ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ብቻዬን ነው መሞከር ያለብኝ፣ እማዬ።»

«ዝም በይ» አለች እናቷና ገባች።

በሩ ተዘጋ። ሊፍቱ ሳይንገጫገጭ ወረደ። ሁለቱም አልተያዩም፤ ገመዱ ሲያልፍ የሚያሰማውን ቀጭን ድምፅ ያዳምጣሉ። አምስተኛ ፎቅ ሲደርስ ቆመና በሩ ተከፈተ። ቁልፉን የተጫነው ሰው እነዚህን ቀናት በደረጃ መሄድ ለምዶ ሳይጠብቅ ሄዷል፤ ኮሪደሩ ላይ ማንም የለም፣ ከጫፉ መስኮት የሚገባ ብርሃን ብቻ ነው ያለው።

እናቷ ወደ ግድግዳው ጥግት ብላ የአንድ ሰው ቦታ ለቀቀች።

ልጅቷ አየቻት። ከዚያ በሩ ሊዘጋ ሲል መዳፏን ጫፉ ላይ አድርጋ ያዘችው፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ ሰው እስኪገባ ድረስ በሚበቃ ጊዜ።