በሴት ወገን የተቆለፈ ኮት

እትዬ ኦቨርሎክ የወንድ ኮት አትሰፋም። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የሴት ቀሚስ፣ ጉርድ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ልብስ ብትሏት ዓይኗን ጨፍና ትሰፋለች። የወንድ ኮት ሊያሰፋ የመጣን ሰው ግን ጨርቁን እንኳ ሳትነካ «ከፋርማሲው ማዶ ያለው ሰፊ ዘንድ ሂድ» ብላ ትሸኘዋለች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ኦቨርሎክ የሚባለው መኪና የጨርቅ ጠርዝ እየቆረጠ እዚያው በዚያው ይሰፋል፤ እሷም ሰው ስታናግር እንዲሁ ናት።

ነገሩ የሰፈር ቀልድ ሆኖ ቢቀር ማን ከቁብ ይቆጥረው ነበር። ዘንድሮ ግን አንድ ልጇ ሊያገባ ነው፤ ሠርጉ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ልጁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ከእናቱ ይኼ ነው የሚባል ነገር ጠይቆ የማያውቅ ልጅ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ለመናት። የሠርጌን ኮት አንቺ ስፊልኝ አላት። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ጨርቅ ራሱ መርጦ ገዝቶ፣ አጣጥፎ የስፌት መኪናዋ አጠገብ አስቀመጠላት። እሷ ጨርቁን አንስታ መደርደሪያው ላይ ሰቀለችውና የሚያውቅበት ሰው ይስፋልህ አለችው። ልጁ ሁለተኛ አልጠየቀም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቋ ሲመጣ አይቀመጥም፤ በር ላይ ቆሞ ሰላም ብሎ ይሄዳል። ይኼ ነገር አንጀቷን በላው። በየቀኑ ጨርቁን ቀና ብላ ታየዋለች፤ አውርዳ ግን አትነካውም።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሲነዳ ዝም ብሎ ስለሚውል ቤት ሲገባ የሚያወራው ሞልቶ ይፈስሳል። «አንቺ ሴትዮ፣ የሰውን ሴት ልጅ ሁሉ አልብሰሽ የራስሽን ልጅ ራቁቱን ልትድሪ ነው ወይ?» አላት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

ምክንያቱን ለእሱም ነግራው አታውቅም። እኔ ግን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ምስጢር መያዝ እንኳ አይሆንልኝም።

ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት፣ ሃያ ዓመቷ ሳለ፣ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። አለቃዋ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው። የወንዱን ልብስ እሳቸው፣ የሴቱን እሷ ይሠራሉ። በዚያን ጊዜ «ስምንቶቹ» የሚባል ባንድ ነበር፤ ስምንት ጎረምሶች ናቸው፣ ስማቸውም ከቁጥራቸው የመጣ ነው። ያንን ባንድ እንዴት ትወደው እንደነበር ምን ብዬ ልንገራችሁ። ከሥራ ስትወጣ ልምምድ የሚያደርጉበት አዳራሽ መስኮት ሥር እግሯ እስኪደነዝዝ ትቆማለች። ፎቷቸውን ከጋዜጣ ቀድዳ ከመኪናዋ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች። በዝናብ ቀን ጃንጥላው ስለጠፋበት ሰው የሚዘፍኑትን ዘፈን፣ የከበሮውን ምት ሳይቀር፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታውቀዋለች።

እንግዲህ እነዚያው ስምንቶቹ አንድ ቀን በበሩ ገቡላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሊዘፍኑ ስለሆነ ስምንት ወይን ጠጅ ኮት ማሰፋት ይፈልጋሉ። አለቃዋ ሜትሩን ይዘው ሲለኩ ልካቸውን የጻፈችው እሷ ናት። ሽማግሌው ቆረጡ፣ ገጣጠሙ፣ ገበሩን አስገቡ፤ ለዝግጅቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ወገባቸውን ያዛቸውና አልጋ ላይ ቀሩ። ቁልፉን አንቺ ጨርሺልኝ ብለው ላኩባት። ለእያንዳንዱ ኮት ሦስት፣ ለስምንቱ ሃያ አራት የቁልፍ ቀዳዳ መሆኑ ነው። እያንዳንዱን በምላጭ ከፍታ፣ ዙሪያውን በሐር ክር፣ አንዱን ስፌት ከአንዱ ሳታራርቅ በእጇ ሰፋችው። የጃንጥላውን ዘፈን እያንጎራጎረች ነበር የምትሠራው። እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሏት አያውቅም።

የወንድ ኮት ቀዳዳው በግራ፣ የሴት በቀኝ ነው። ይህን ማንም ልብስ ሰፊ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። እጇ ግን አራት ዓመት ሙሉ ከሴት ልብስ በቀር ነክቶ አያውቅም፤ አእምሮዋ ዘፈን ላይ ሲሆን እጇ የለመደውን ሠራ። ሃያ አራቱንም በቀኝ በኩል ከፈተቻቸው። ከአፍ የወጣ ቃል እንደማይመለስ ሁሉ የተከፈተ የቁልፍ ቀዳዳም አይደፈንም፤ ቢደፍኑት ጠባሳው ይታያል።

በዝግጅቱ ቀን አለቃዋ በከዘራ እየተደገፉ መጡና አንዱን ኮት አነሱ። ሌላውን አነሱ። ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ አሉና «ልጄ፣ ወንዶቹን ሴት አደረግሽብኝ» አሉ። ልብስ በካውያ የሚተኩሱት የሱቁ ልጆች ሳቁ። ሳቁ ሳያልቅ ቦርሳዋን አንስታ በጓሮ በር እግሬ አውጪኝ አለች። ተመልሳ ያንን ሱቅ አልረገጠችም። ስምንቶቹም ብዙ ሳይቆዩ ከአገር ወጡ።

ከዚያ ወዲያ የእነሱ ዘፈን በሬዲዮ በመጣ ቁጥር ትዘጋዋለች። ባሏ ደግሞ፣ ይኼ ነው መከራው፣ እሱም የስምንቶቹ ወዳጅ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱ ይከፍታል፣ እሷ ትዘጋለች። ለምን ሲላት የድስት ክዳን ኳኳታ ነው ትለዋለች።

ታዲያ በዚህ ሰሞን ሹፌሩ አንድ ወረቀት እያውለበለበ ገባ። ስምንቶቹ ሊመጡ ነው፤ በትልቁ ሜዳ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በነፃ። አልሄድም አለች። ልጃችንም እጮኛውም ይመጣሉ አላት። ይህን ስትሰማ ሐሳቧን ለወጠች። ልጇ አጠገብ ሦስት ሰዓት መቆም በር ላይ ሰላም ከመባባል ይሻላል ብላ አሰበች፤ በዘፈኑ ጊዜ ጆሮዬን ሌላ ቦታ እልከዋለሁ አለች በልቧ።

ሜዳው ከጠዋት ጀምሮ ነው የሞላው። ካርቶን አንጥፎ የተቀመጠ፣ ልጁን ትከሻው ላይ የጫነ፣ ጉልበቱን እያሸ የሚቆም የእነሱ እኩያ፣ ዘፈኑን ከእናቱ የተማረ ወጣት፣ ሁሉም አለ። መድረኩ ሩቅ ስለሆነ ከግራና ከቀኝ ሁለት ትልልቅ ስክሪን ተሰቅሏል። እሷ ሕዝብ ስታይ የምታየው ጠርዝ ነው፤ የማን ቀሚስ ጫፍ ወደ አንድ ጎን ወርዷል፣ የማን እጅጌ ረዝሟል እያለች ጊዜዋን ገፋች። ልጇ ከጎኗ ቆሟል፤ ፀሐይ እንዳይመታት ጋዜጣ አጥፎ ሰጣት፤ ከዚያ በላይ ግን አላወራም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሜዳው በጩኸት ተናጠ። ስምንቶቹ አምስት ሆነው ወጡ፤ ሦስቱን ሞት ወስዷቸዋል። ሁሉም ወይን ጠጅ ኮት ለብሰዋል። ዓይኗ ሳትፈልግ ስክሪኑ ላይ ሄደ፣ ከስክሪኑም ቁልፉ ላይ። የቀኙ ደረት በግራው ላይ ተደርቧል። ስክሪኑ ገልብጦ እያሳየኝ ነው አለች በልቧ። ጊታር መቺውን ፈልጋ አየችው፤ በቀኝ እጁ ነው የሚመታው፣ እንደ ድሮው። ስክሪኑ አልገለበጠም። ኮቶቹ በሴት ወገን ነው የተቆለፉት። ሊያላግጡብኝ ነው የመጡት፣ ይህን ያህል ዓመት ቆይተው አልረሱልኝም ብላ ፊቷ ነደደ። ልሂድ ብላ ዞረች፤ ከኋላዋ ያለው ሕዝብ ግን ግድግዳ ነው፣ መርፌ አያሳልፍም።

ሦስት ዘፈን ከዘፈኑ በኋላ ዘፋኙ ውኃ ጠጣና ማይክሮፎኑን ያዘ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ድምፁ ግን ያው የድሮው ነው።

«ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው እዚህ ካለ ኮታችንን አይቶ እየሳቀብን ይሆናል» አለ። «ልንገራችሁ። ያን የመጀመሪያ ቀን ሦስት ሺህ ሰው ሲጠብቀን ፈርተን ነበር። ኮቱን ለበስን፤ ቁልፉ በሴት በኩል ነው፤ አንዳችንም መቆለፍ አልቻልንም። ስምንት ወንድ እርስ በርስ ሲቆላለፍ ሳቅ በሳቅ ሆንን። ከሳቁ ሳንወጣ መድረክ ላይ ወጣን፤ ፍርሃቱ የት እንደገባ አላወቅንም። ከዚያ ወዲህ የትም አገር ኮት ስናሰፋ በዚህ በኩል ይቆለፍ እንላለን። ሰፊው ሁሉ ተሳስታችኋል ይለናል። የለም፣ ልኩ ይኼ ነው እንላለን።»

ሜዳው ሳቀ። ዘፋኙ እጁን አነሣ።

«በማግስቱ የሰፋችውን ልጅ ልናመሰግን ሄድን። ወጥታ ቀርታለች አሉን። ሽማግሌው አለቃዋ አዝነው ነበር። ሰው ሆኖ የማይሳሳት እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም፤ እንዲህ ያለ የቁልፍ ቀዳዳ ግን እኔ ራሴ አልሠራም አሉን። የእኛ አዲስ ነው፤ መለከት ነፊያችን የለበሰው ግን የዚያን ቀኑ ኮት ነው። ሆድ ያላወጣ እሱ ብቻ ነው። እስቲ አሳዩዋቸው።»

ካሜራው ወደ መለከት ነፊው ቀረበ። ስክሪኑን ሙሉ አንድ የቁልፍ ቀዳዳ ሞላው፤ ሰው የሚያህል። ወይን ጠጁ ጨርቅ ደብዝዟል፣ ክርኑ ላይ ሳስቷል። ቀዳዳው ግን እንዳለ ነው። የሐሩ ክር ተሰልፎ ቆሟል፤ አንዲት እንኳ አልተተረተረችም፣ አንዲት አልላላችም።

እንባዋ መጣ። መጀመሪያ የንዴት ነበር፤ አንድ ቀን ብቻ ብትታገሥ ኖሮ፣ በማግስቱ ብቅ ብትል ኖሮ፣ ሠላሳ አራት ዓመት እንደ ሌባ ባልተደበቀች። ከዚያ ግን ያንን ስፌት ደግማ አየችው፤ ንዴቷም በረደ። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ኮርታ አታውቅም። የልጇን እጅጌ ያዘች።

«የኔ ነው» አለችው።

«ምኑ፣ እማዬ?»

«ቀዳዳው። ሃያ አራቱንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው የሠራሁት፤ ግን እየው፣ አልተተረተረም።»

ልጁ ስክሪኑን አየ፣ እናቱን አየ። መደርደሪያው ላይ የተሰቀለው ጨርቅ ለምን ሳይነካ እንደቆየ በዚያች ቅጽበት ገባው። ሹፌሩ ምላሱ ተሳሰረ፤ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት አያውቅም። ሲፈታለት ግን አሳልፉን፣ ሰፊዋ እዚህ ናት እያለ ሕዝቡን በክርኑ መግፋት ጀመረ፤ አውቶቡስ ውስጥ ያለ መስሎታል። ኮቱን ከኋላ ጎትታ መለሰችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ተወኝ። የጃንጥላው ዘፈን ሊጀመር ነው። ሠላሳ አራት ዓመት እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም።»

ከበሮው ሲጀምር አወቀችው፤ መስኮት ሥር ስትቆም የምታውቀው ያው ምት ነው። ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ አብራ ዘፈነች። ድምፅ የላትም፤ እውነቱን ልናገርና በጣም ነው የሌላት። ቢሆንም አንድ ቃል አልሳተችም። ባሏ ይኼን ሁሉ ታውቂዋለሽ ወይ አላት። ከአንተ በፊት ነው የማውቀው አለችው። ወዲያው ደግሞ የአዲሶቹን ኮቶች ትከሻ እያየች፣ የትኛው አገር ሰፊ እንደሠራው እንጃ እንጂ ተኮማትሯል፣ የእኛ እንዲህ አልነበረም ብላ አማችው።

ዝግጅቱ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን ሜትሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ልብስ ሰፊ ያለ ሜትር ከቤት አይወጣም። ቁም አለችው ልጇን። መሀል መንገድ ላይ፣ ሰው በግራና በቀኝ እያለፈ፣ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ እጅጌውን ለካች። ልጁ በዩኒፎርም ዘመኑ እንደሚቆመው ቀጥ ብሎ ቆመላት። ልኩን የጻፈችው እጮኛው ናት፤ ወረቀት ስለጠፋ ሹፌሩ ይዞት በመጣው የዝግጅቱ ማስታወቂያ ጀርባ ላይ። ቁልፉ በየት በኩል እንዲሆን ልጁ ሳትጠይቀው ነገራት።

በሠርጉ ቀን ፎቶ አንሺው ሙሽሮቹን አቁሞ ካሜራውን ሲያስተካክል ዓይኑ ሙሽራው ደረት ላይ ቀረ። ሰውዬው ሙያውን አክባሪ ነው፤ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ ጌታዬ ቁልፍዎ ተገልብጧል አለውና ሊያስተካክልለት እጁን ዘረጋ። ተጋባዡ ሁሉ ዞሮ አየ። አንዳንዱም ሳቅ አለ። ያንን ሳቅ እሷ ታውቀዋለች።

እትዬ ኦቨርሎክ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አልፋ መጣችና የፎቶ አንሺውን እጅ ቀስ ብላ ከኮቱ ላይ አነሳችው።

«ተወው» አለችው። «እኔ ነኝ የሰፋሁት።»