አባዬ የያዘው ገመድ

አባዬ እማዬን ከቀበርን ጀምሮ አፉን ዘግቶ ነበር። አኩርፎ አይደለም። "ብላ" ሲሉት ይበላል፣ "ደህና አደርክ?" ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ቡናማ ሹራቡን እንደለበሰ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኛ ቤት ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር፤ ስምንት ወር ሙሉ ከእኔ የስፌት መኪና በቀር በቤቱ ውስጥ ድምፅ ያለው ነገር አልነበረም።

ስልኬ ቻርጅ አልይዝ ያለኝ በዚህ መሐል ነው። ገመዱን ስሰካው አንዴ ብልጭ ይልና ይተወዋል። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ሲታደል ያልተገኘሁ ሰው ነኝ። ሶኬት ቀየርኩ፣ አጥፍቼ አበራሁት፣ አዲስ ገመድ ገዛሁ፣ ገልብጬ ሰካሁት፣ ተሳደብኩ። አንዷ ደንበኛዬ ጥሬ ሩዝ ውስጥ ቅበሪው ብላ መከረችኝ። ውሃ ያልነካውን ስልክ ሩዝ ውስጥ አሳደርኩት፤ ስልኩ እንደነበረው ነው፣ ሩዙንም ከዚያ በኋላ ማንም አልበላው አለ። በመጨረሻ ገመዱን ወደ ግራ ጫን አድርገው በጣት ከያዙት ብቻ እንደሚሞላ ደረስኩበት። ለቀቅ ሲያደርጉት ያቆማል። ታዲያ ማን ይያዘው? ሁለቱም እጆቼ ጨርቅ ላይ ናቸው፤ ደንበኞቼ የሚፈልጉትን ልብስ ፎቶ የሚልኩልኝም በዚሁ ስልክ ነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እየተነጫነጭኩ ከገመዱ ጋር ስታገል አባዬ ከጓዳ ወጣ። በርጩማ ስቦ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀመጠና እጁን ዘረጋ። ሠላሳ ዓመት የአውቶቡስ መሪ የያዘ እጅ ነው። አውራ ጣቱን ገመዱ ላይ ጫን ሲያደርገው ስልኩ ብልጭ አለ፣ እዚያው ጸና። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የተቆረጠው ጨርቅ ላይ ተኝታለች፣ የክሩ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይዋኛል፣ የስፌት መኪናዬ ያንጎራጉራል። የአባዬ ዐይን ከደን ከደን ማለት ጀመረ። ጣቱ ግን አልተነቃነቀም። ተኛ ብዬ ሳስብ ከሩቅ የሚመጣ በሚመስል ድምፅ፣

"እናትሽ አውቶቡሴ ውስጥ ተኝታ ነበር" አለ።

እግሬ መርገጫው ላይ ደረቀ። ከዚያ መኪናው ዝም ካለ እሱም ዝም እንዳይል ፈርቼ መስፋቴን ቀጠልኩ። ምን እንደሰፋሁ እንጃ፤ በኋላ ሳየው እጅጌውን ከኪሱ ጋር ገጥሜዋለሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ ስልኩ እስኪሞላ ያወራልኝ ነበር። እማዬ "አውቶቡስ ውስጥ ተዋወቅን" ከማለት ያለፈ ነግራኝ አታውቅም። እሱ ግን ሁሉንም ያስታውሳል። ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኝታለች፤ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሁሉም ሲወርድ እሷ አልነቃችም። ሊቀሰቅሳት ተነሣ፣ እጁ ከበደው፣ ሳይቀሰቅሳት ወደ መሪው ተመለሰ። ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸ፣ ጡሩምባ ሳይነፋ ከተማዋን አንድ ዙር አዞራት፤ ከዚያም ሁለተኛ። የሚሳፈረው ሰው ሁሉ እሷን ሲያይ በሹክሹክታ ማውራት ጀመረ። ዝናብ ጣለ፣ አባራ፣ የዛፎቹ ጥላ በፊቷ ላይ እያለፈ ይሄዳል፣ እሷ ትተኛለች። አባዬ ሲያወራው የአውቶቡሱ ጎማ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። ስልኩ መቶ ሲደርስ ግን "ሞላ" ይልና ከመካከል ያቋርጠዋል፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ አልጋው ጠርዝ ይመለሳል። እንዲህ እየቆራረጥን የሦስተኛው ዙር መጀመሪያ ላይ ደረስን።

እኔ ሞኟ ታዲያ ምን አደረግሁ? አንድ ጠዋት የሙሽራ ቀሚስ ልቆርጥ መቀስ አንሥቼ ፎቶውን እያየሁ ስልኩ ድርግም አለብኝ። ደሜ ፈላ። መቀሱን ወርውሬ፣ ሰፈሩ ሁሉ "ሐኪሟ" ወደሚላት ስልክ ጠጋኝ በረርኩ።

ሐኪሟ ስለ አዲሱ ገመድና ስለ ሩዙ ስነግራት ሳቀችብኝ። "ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ" አለችና ቀዳዳውን በመብራት አይታ በስቴኪኒ ትጎረጉረው ጀመር። የወጣው የክር ብናኝ ነው፤ ተጠቅጥቆ ራሱ ጨርቅ ሆኗል። ስልኬን የምይዘው ሽርጤ ኪስ ውስጥ ነው፤ ለካ የሰፋሁትን ሁሉ ሲያጠራቅም ኖሯል። ከላይ የሙሽራ ልብስ ነጭ፣ ከሥሩ የመጋረጃ ቀይ፣ ከዚያ የደንብ ልብስ ካኪ። ከሁሉም በታች ውሃ ሰማያዊ ወጣ፤ ለእማዬ የሰፋሁላት የመጨረሻ ቀሚስ ነው። ሐኪሟ ምን ታውቃለች፣ እፍ አለችውና ጠፋ። ሌላ በሽታ የለበትም፣ ኪስ ቀይሪለት ብላ አሰናበተችኝ።

ቤት ገብቼ ሰካሁት። ማንም ሳይነካው፣ ጠረጴዛው ላይ ተንጋሎ ይሞላል። ከምሳ በኋላ አባዬ በርጩማውን ይዞ ሲመጣ ስልኩ እንደተሠራ፣ ከእንግዲህ ጣቱ እንደማይደክም እንደ ትልቅ ጀብዱ አወራሁለት። ስልኩን አየ። ገመዱን አየ። አውራ ጣቱን አየ። ራሱን ነቀነቀና በርጩማውን ቦታው መልሶ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው የሠራሁት የገባኝ። ተከትዬው ሄጄ አልጋው ላይ አጠገቡ ተቀመጥኩና ሦስተኛው ዙር ላይ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ግድግዳውን አየ። በማግሥቱም ጠየቅኩት፣ በሦስተኛውም ቀን። ስልኩ ሁልጊዜ መቶ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ፈጥፍጪው ፈጥፍጪው ይለኛል። እማዬን በገዛ እጄ ሁለተኛ የቀበርኳት መሰለኝ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ገመዱን ስሰካው እስከ መጨረሻው አልገባም አለ። ኪስ ቀይሬለታለሁ፣ ምን ሆነ ብዬ ስቴኪኒ አነሣሁና ቀዳዳውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ትንሽ የሱፍ ብናኝ ተጠቅጥቆበታል። ቡናማ ነው። እኔ ዘንድሮ አንድም ቡናማ ነገር አልሰፋሁም። ቀና ብዬ በጓዳው በር አባዬን አየሁት፤ ግድግዳውን ያያል። የሹራቡ የግራ እጅጌ ጫፍ ተነጭቷል።

ብናኙን አልነካሁትም። ስቴኪኒውን ቦታው መለስኩ። እስከ ምሳ ሰዓቱ አልሄድ አለኝ። ከዚያ ድምፄን እንደምንም አስተካክዬ፣

"አባዬ፣ ይሄ ስልክ ደግሞ አልሞላ አለኝ። ትይዝልኛለህ?" አልኩት።

አፍታም አልቆየም። በርጩማውን ሳበ፣ አውራ ጣቱን ጫን አደረገ፣ ስልኩ ብልጭ አለ። ዐይኑን ከደነ። እኔም የስፌት መኪናዬን አስነሣሁ፤ ጨርቅ እንኳ አላስገባሁም፣ ባዶውን ነው የምረግጠው።

"ሦስተኛው ዙር ላይ ነዳጅ አለቀብኝ" አለ። "ዳገቱ አፋፍ ላይ ቆምኩ። አውቶቡሱ ሲቆም ነው የነቃችው።"

"ምን አለችህ?"

ጣቱ አልተነቃነቀም።

"ምነው አቆምከው? ነው ያለችኝ።"