በር በዱቤ

ስልኩ ሲጮኽ አናጢው መላጊያውን አላቆመም። የጀመሩትን ገጽ መሀል ላይ ማቋረጥ እንጨቱን ያበላሸዋል። ሚስቱም ይህን ስለምታውቅ ደጋግማ ነው የምትደውለው። በሦስተኛው ጥሪ ግን እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ አነሣው።

"አባዬ ቤታችሁ አልመጣም አለ" አለችው። ከሆስፒታል ኮሪደር ነው የምታወራው። "ዛሬ ያስወጡታል። ወደ ኪራይ ክፍሌ ውሰዱኝ ነው የሚለው።"

"ለምን?"

"ለምን ብለህ እኔን ትጠይቀኛለህ?"

አናጢው ለምን እንደሆነ ያውቃል።

ቤታቸው፣ በዕድሜያቸው የመጀመሪያ የሆነው የራሳቸው ቤት፣ ከውጭው በር በቀር በር የለውም። መኝታ ቤቱን መጋረጃ ይከልለዋል። ሽንት ቤቱ ላይ የተንጠለጠለው ደግሞ ሚስቱ ከምትሠራበት ላውንደሪ ያመጣችው፣ ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ አሮጌ አንሶላ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሰው በር ሲሠራ የሚውል ሰው ቤት መሆኑ ነው እንግዲህ። ጎረቤቶች "ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች" እያሉ ሲስቁ እሱም አብሯቸው ይስቃል። ሚስቱ ግን መሳቋን ከተወች ቆይታለች።

ነገሩን ሁሉ ያመጣው ብድሩ ነው። አናጢው ልጅነቱን ያሳለፈው ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ፍራሽ ሲሸከም ነበር። ያከራይ ኮቴ ሲሰማ እናቱ ሬዲዮ እንዴት እንደምትቀንስ ዛሬም አይረሳውም። ስለዚህ ባንኩ ቤቱን በአሥራ አምስት ዓመት ብድር ሲሰጠው ግማሹ ሳይደርስ እጨርሰዋለሁ ብሎ ለራሱ ማለ። በየወሩ ከሚጠየቀው በላይ ይከፍላል። ዋናው ገንዘብ ቶሎ ሲቀንስ ወለዱም አብሮ ይቀንሳል፤ ሒሳቡ እንከን የለውም። የባንኩ ገንዘብ ተቀባይ አንድ ቀን ጭማሪውን አይታ "እርስዎ ደግሞ ለባንክም ምርቃት ይሰጣሉ?" ብላ ስለቀለደች፣ ቤታቸው ውስጥም ስሙ "ምርቃት" ሆኖ ቀረ። ለምርቃቱ ሲባል ሥጋ ብርቅ ሆነ፤ ሳሙናው ረከሰ፤ አናጢው በእግሩ መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ሚስቱ ከሱ ብሳ ቆጣቢ ነበረች።

የተጣሉት በበር ነው። አምና ከሥራ በተረፈ ጠንካራ እንጨት፣ እሑድ እሑድ እየሠራ፣ ለሽንት ቤቱ በር አበጀለት። ገጥሞት ሲያበቃ "ግቢና ዝጊው" አላት። ገብታ ዘጋችና ውስጥ ሆና እንደ ልጅ ሳቀች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ደንበኛ በዚያው ልክ በር ዛሬውኑ ካላገኘሁ ብሎ ደህና ዋጋ ጠራ። አናጢው ወደ ቤቱ መጣ፣ በሩን አወረደ፣ ተሸክሞ ሄደ። ገንዘቡም በነጋታው ምርቃት ሆነ። ማጠፊያዎቹን ግን "በቅርቡ ሌላ እሠራለሁ" ብሎ መቃኑ ላይ ተዋቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ሚስቱ በገባች በወጣች ቁጥር ያፈጡባታል።

"ሌሊት ስንቴ ለሽንት እንደሚነሣ አታውቅም" አለችው ሚስቱ በስልኩ። "ሐኪሙም ገና ለወራት እንዲህ ነው ብሏል። ልጄና አማቼ በአንሶላ ጀርባ እየሰሙኝ አልቀመጥም አለ። እኔስ ምን ብዬ ላስገድደው?"

"ኪራይ ክፍሉ እኮ ፎቅ ላይ ነው።"

"የወደቀውም እዚያው ደረጃ ላይ ነው።" ድምጿ ተለወጠ። "ጠዋት ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነው የወጣሁት። እሱ እዚያ ከገባ እኔም አብሬው እገባለሁ።"

"እስከ መቼ?"

"እሱን አላውቅም።"

አናጢው ደነገጠ። አሥር ዓመት አብረው ሲኖሩ ተኳርፈዋል፣ ጀርባ ተሰጣጥተው ተኝተዋል፤ ሻንጣ የሚባል ነገር ግን ተነሥቶ አያውቅም።

"ዛሬ በር ይኖረዋል በይው" አለ። ከአፉ እንዴት እንደወጣ ለራሱም አልገባውም።

"ከየት አምጥተህ?"

"ይኖረዋል በይው ብቻ።"

ስልኩን ዘግቶ ኪሱን ዳበሰ፤ የሚያገኘውን ግን ያውቃል። የወሩን ክፍያ ከነምርቃቱ ጠዋት ወደ ሥራ ሲመጣ ከፍሎታል። ቀኑ ሳይደርስ በመክፈሉ እየተኩራራ ነበር የመጣው። የቀረው የዳቦ ገንዘብ ነው።

ነገሩን የሰማው ባልደረባው ግድግዳ ላይ ወደተደገፈው ያለቀ በር በአገጩ አመለከተው። "ልኩ ያው ነው። ወስደህ ግጠመው። ደንበኛው ከሰዓት ሲመጣ ቀለሙ አልደረቀም እንለዋለን።"

አናጢው በሩን በዓይኑ ለካው። አንዲት ጣት አያንስም፣ አይበልጥም። ሰውዬው ግን ከፍሎ ጨርሷል። "ተወው" አለ። "አንዴ የሚስቴን በር አውርጄ ያተረፍኩትን አይቻለሁ።"

ባንኩ ጋ ደረስ ብሎ የዛሬው ጭማሪ ይመለስለት እንደሆነ ጠየቀ። ገንዘብ ተቀባይዋ በትሕትና አስረዳችው፤ ጭማሪው ከዋናው ብድር ላይ ተቀንሷል፣ የገባው ተመልሶ አይወጣም። ፊቱን አይታ ልታጽናናው ፈለገች መሰለኝ፣ "ጠፋ አይበሉ፤ ገንዘብዎ ቤትዎ ውስጥ ነው ያለው" አለችው። አናጢው አመስግኗት ወጣ። እውነቷን ነው፤ ቤቱ ውስጥ የስንት ዓመት ላቡ አለ። በር ብቻ ነው የሌለው።

ከባንኩ ማዶ አናጢዎች "ካርቶን" የሚሉት ሰው ሱቅ አለ። ከተጨመቀ ሰጋቱራ የተሠሩ፣ የእንጨት ሥዕል የተለጠፈባቸው በሮች እያስመጣ በአናጢ ግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ስሙን ያወጣለት ሌላ ማንም ሳይሆን ራሱ አናጢያችን ነው። "የዚያን ሰው በር ዝናብ ሲያይ ሾርባ ይሆናል" እያለ ስንቱን ደንበኛ እንዳስመለሰበት እሱና ፈጣሪ ነው የሚያውቁት። አሁን ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ እግሩ አልታዘዝ አለው። ሻንጣዋ ትዝ ሲለው ገባ።

"ለሽንት ቤት የሚሆን፣ ርካሹን ስጠኝ" አለ። "በዱቤ።"

ካርቶን ከወንበሩ ሳይነሣ አየው። ከጀርባው "ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል።

"እናንተ ሰፈር ይሄን በር ምን ትሉታላችሁ?"

አናጢው ጆሮው ጋለ። መዋሸት ይችል ነበር። "ካርቶን" አለ።

"እኔንስ?"

"ካርቶን።"

ሰውዬው ቀና ብሎ ተመለከተው፤ ሳቁን ይሁን ንዴቱን ያፈነው አይታወቅም። "ካርቶን በዱቤ ልትገዛ መጣህ ማለት ነው።"

"አማቴ ከሆስፒታል ዛሬ ይወጣሉ። ቤቴ በር የለውም።"

ካርቶን ሌላ አልጠየቀም። የተስማሙት እንዲህ ነው፤ ደንበኞች እየጠመመብን ነው ብለው የመለሷቸው በሮች መጋዘን ውስጥ ተከምረዋል፤ አናጢው ሁለት እሑድ መጥቶ ያቃናቸዋል፣ በሩን ይወስዳል። መቀርቀሪያውን ካርቶን በራሱ ፈቃድ ጨመረበት። "ምርቃት ነው" አለው። አናጢው መቀርቀሪያውን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

በሩን ትከሻው ላይ አድርጎ በሰፈሩ መሀል ሲያልፍ ያልጠየቀው አልነበረም። ባለ ሱቋ "አንተም ከሱቅ መግዛት ጀመርክ?" አለችው። አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ክብደት እንኳ የለውም፤ ትከሻው ላይ የሚሰማው እፍረቱ ብቻ ነበር።

ቤት ሲደርስ የሚስቱ ሻንጣ መግቢያው ላይ ቆሟል። ቀና ብሎ ሊያየው አልደፈረም። አንሶላውን አውርዶ በሩን ሲያስጠጋው በወርዱ ሁለት ጣት አነሰ። ጠባብ ጣውላ ሰንጥቆ ጎኑ ላይ ለጠፈበት። ብሎኑ ሰጋቱራውን አልነክስ ብሎ በባዶው ሲሽከረከርበት ቀዳዳዎቹን በእንጨት ስንጥር ከነማጣበቂያው ጠቀጠቃቸው። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። በሃያ ዓመት ሥራው እንዲህ የሚጠላውን ነገር እንዲህ ተጠንቅቆ ገጥሞ አያውቅም። የመጨረሻውን ብሎን ሲያጠብቅ ውጭ ታክሲ ቆመ።

አማቱ በሴት ልጃቸው ክንድ ተደግፈው ወረዱ። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሾፌርነት የጨረሱ፣ ትከሻቸው ዛሬም ሰፊ የሆነ ሰው ናቸው። በሕመም ቀጥነው ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ወደ ሾፌሩ ዞር ብለው "ትንሽ ጠብቀኝ" አሉት። "አይቼ እመጣለሁ።"

ሚስቱ ባሏን ቀና ብላ አላየችውም። እንደገባች ሻንጣዋን አነሣችና ይዛው ቆመች።

ሽማግሌው በኮሪደሩ ቀስ ብለው ሄደው በሩ ፊት ቆሙ። በጣታቸው አንኳኩት፤ እንደ ባዶ ሳጥን አስተጋባ።

"ያንተ እጅ ሥራ ነው?"

ሚስቱ አሁን አየችው። ለአባቷ ባሌ ጊዜ አጥቶ ነው እያለች ስትሸፍንለት ኖራለች፤ የተሸጠውን በር አልነገረቻቸውም። አዎ ቢል ማንም አያጋልጠውም።

"አይደለም አባባ። ከሱቅ በዱቤ ያመጣሁት ነው። የሠራሁት ሌላ ነበር፤ ከዚሁ ማጠፊያ ላይ አውርጄ ሸጥኩት። ብድር ልከፍልበት።"

ሽማግሌው ማጠፊያዎቹን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ወደሱ ተመለሱ።

"ሰው ውስጥ እያለ አይደለም ያወረድከው መቼም?"

"ኧረ አይደለም አባባ።"

"ይሄኛው ይቆለፋል?"

"ይቆለፋል።"

"እንግዲያው በር ነው" አሉና ገቡ። መቀርቀሪያው ቀጭ ሲል ሁለቱም ሰሙት። ጥቂት ቆይቶ ድምጻቸው ከውስጥ መጣ። "ታክሲውን አሰናብቱት።"

አናጢው ወጥቶ በዳቦው ገንዘብ ታክሲውን ሸኘ። ሲመለስ ሚስቱ ሻንጣዋን እንደያዘች እዚያው ቆማለች። የታረቁ ይሁኑ አይሁኑ ከፊቷ ማንበብ አልቻለም፤ ፈራ። ይቅርታ ሊላት አስቦ ተወው። ከኪሱ ሜትሩን አወጣና ወደ መኝታ ቤቱ መጋረጃ ሄዶ በአንድ እጁ ገለጠው።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለችው።

"ልለካ።"

"በምን ልትሠራው?"

"በሚመጣው ወር ምርቃት። የቀጣዩንም ወር ጨምሬ፤ ይሄ በእንጨት ነው የሚሠራው።" የሜትሩን ጫፍ ዘረጋላት። "ያዢልኝ።"

ሁለት እጅ የሚፈልግ ሥራ አልነበረም፤ ብቻውን ሺህ ጊዜ ለክቶ ያውቃል። እሷም ይህን ታውቃለች። ለአፍታ የሜትሩን ጫፍ ስታይ ቆየችና ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጣ ያዘችለት።