ስም የሚሰፋበት ጥግ

ሬሐና ክር ስትመዝ ማንም አያናግራትም። ቡራዩ ውስጥ የአንሶላ ጠርዝ ክሩን መዝዞ፣ እንደ ወንፊት ከፍቶ በስፌት መኪና የሚያስር እጅ ከተፈለገ የእሷ ነው፤ ሌላው ሁሉ ዚግዛግ እያረገ "ጥልፍ ነው" የሚል አጭበርባሪ ነው። መጀመሪያ ክሩን ትመዛለች፣ ቀጥላ የቀረውን ጥቅል ጥቅል አድርጋ ታስራለች። የሙሽሮቹ ስም ጥጉ ላይ የሚሰፋው መጨረሻ ነው። ስለዚህ ስም ቀድማ ጠይቃ አታውቅም። ምን ያደርግላታል?

ሰኞ ዕለት ጀዋሂር የምትባል ሴት ዝናዋን ሰምታ ከሱሉልታ ድረስ ነጭ አንሶላ ይዛላት መጣች። የእህቷ ልጅ ልታገባ ነው። ሬሐና ጨርቁን ዳሰሰችና ወደደችው። ለገዛ ልጇ ለኢናስ የገዛችውም እንዲሁ ያለ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ይጠብቃታል። ኢናስ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። የጨርቅ ነጋዴው የሀሰኖ ልጅ አክመል አጭቷት፣ "ቤታችንን የምናሟላበትን ሠርተሽ ነይ፣ እጠብቅሻለሁ" ብሎ በገዛ አፉ ሸኝቷታል።

አርብ ጀዋሂር የሙሽሮቹን ስም ልትነግራት ተመለሰች። የአራቱም ጠርዝ ክር ተመዝዟል፤ አንዱ ጎን ታስሯል።

"እጅሽ ይባረክ፣ እታለም። እንግዲህ ጥጉ ላይ 'ራያ እና አክመል' በይልኝ።"

"የትኛው አክመል?" አለች ሬሐና።

"እዚሁ የእናንተው ሰፈር ልጅ ነው። የሀሰኖ ልጅ፣ የጨርቅ ነጋዴው። ታውቂዋለሽ?"

"አውቀዋለሁ።"

ሴትዮዋ ምን አጠፋች? ምንም አታውቅ። ሬሐና ሁለቱን ስም ወረቀት ላይ ጽፋ ሸኘቻት።

ብቻዋን ስትቀር መጀመሪያ ያሰበችው አንሶላውን መመለስ ነበር። ግን የተመዘዘ ክር ተመልሶ አይገባም፤ ካላሰሩት በአንድ እጥበት ተተርትሮ ያልቃል። እንዲህ አድርጋ ሰው አሳፍራ አታውቅም፤ ዛሬ ግን፣ ወላሂ፣ ተመኘችው። እንባዋ ጨርቁን እንዳይነካው ዘወር ብላ አለቀሰች።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። ኢናስ በቪዲዮ ነው የደወለችው። ከስታለች። መኪናው ላይ የተዘረጋውን ነጭ ጨርቅ ስታይ ግን ፊቷ በራ።

"እማ፣ ጀመርሽልኝ? የኔ ነው አይደል?"

መንገር ነበረባት። ከሰፈር ሰው ከምትሰማው ከእናቷ ብትሰማው ይሻል ነበር። ግን ልጅቷ ሰው አገር፣ ሰው ኩሽና ውስጥ ቆማ ማን ደግፎ ይይዛታል?

"ያንቺ ነው" አለች።

"ነገ ስደውል ስማችንን ታሳዪኛለሽ።"

"እሺ ልጄ።"

ኢናስ እመቤቷ ጠርታት ዘጋች። ሬሐና ከሳጥኑ የልጇን አንሶላ አወጣች። በዕድሜዋ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ስሙን ከጠርዙ አስቀድማ፣ ጥጉ ላይ "ኢናስ እና አክመል" ብላ ሰፋች። ጠርዙን ግን አልነካችውም፤ አንድም ክር አልመዘዘችበትም፤ የተሰፋ ስም ተፈትቶ ይወጣል። አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችውና የራያን አንሶላ ጎትታ መኪናው ላይ አደረገች። ሦስት ጎን ይቀራታል።