የተከበሩ ፑዎክ እጅ

ፑዎክ ጠበቃም የምክር ቤት አባልም ነው፤ ዛሬ ግን ጠበቃውም ተመራጩም ግራ ገብቷቸው አንድ ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል።

እማማ ሺታዬ ከአቦቦ በጠዋት ተሳፍረው ጋምቤላ ቢሮው ድረስ መጥተው፣ ከቀበሌ የተሰጣቸውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተዋል። በአዲሱ አዋጅ መሠረት በስድስት ወር ውስጥ ያላስመዘገቡት የበቆሎ ማሳ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው። የፍርድ ቤት ክርክሩ ሐሙስ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ይህንኑ ማሳ ተሟግቶ ያስመለሰላቸው ፑዎክ ነበር፤ ስሙ የተነሳው፣ ኋላም የተመረጠው በዚያ ነው።

«ያኔ ረትተህልኛል፤ አሁንማ ትልቅ ሰው ሆነሃል» አሉት።

ትልቅ ሰው! አዋጁን ያጸደቀው እሱው ያለበት ምክር ቤት መሆኑን በምን አፉ ይንገራቸው? ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ» ይላል። እሱ ደግሞ መደገፉ ጨርሶ ትዝ አይለውም። ትዝ የሚለው ሙቀቱና በሁለት ቀን የተነበበው የአዋጅ መዓት ነው። «አንዴ ይቅርታ እማማ» ብሎ ወጣና፣ በስብሰባ አጠገቡ ለምትቀመጠው ለኛፑዎት ደወለ።

«ያን ዕለት እጄን አውጥቼ ነበር እንዴ?»

ሳቀች። «መጀመሪያ ያወጣኸው አንተ አይደለህ እንዴ! ሕግ አዋቂው ካወጣ እኛ ምን ቀረን ብለን ተከተልንህ።»

ወይ ጉድ! ያኔ ሁሉም መጣለት። እጁን ያወጣው ሊጠይቅ ነበር። አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ?» ሲሉ እጁ ገና አልወረደም፤ ዞር ሲል አዳራሹ በሙሉ እጅ ብቻ ሆኗል። አፈረ። ሲያጨበጭቡ አብሮ አጨበጨበ። ታዲያ ደግፏል ወይስ አልደገፈም? ያን ሁሉ ዓመት የተማረው ሕግ ይህን አይመልስም።

ተመልሶ ገባና አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው።

እማማ ሺታዬ አተኩረው አዩት። «ምን ልትጠይቅ ነበር?»

«አዋጁን ያልሰማ ገበሬስ ምን ይሆናል? ልል ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትል ቀረህ?»

«እንጃ፣ እማማ። እውነቴን ነው፣ እኔም አልገባኝም። ግን ሐሙስ እቆምልዎታለሁ።»

ደብዳቤውን አጣጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። ሊያስቆማቸው ብድግ አለ።

«ተወው ልጄ» አሉ ተነስተው። «ያንተን ጥያቄ ሐሙስ እኔው ቆሜ እጠይቀዋለሁ።»