እታለማሁ፣ ኳንተም ኮምፒውተሩና የፋግታ ፈረሰኞች

ጃንዋሪ ሠላሳ አንድ ማለት ጥር ሃያ ሦስት መሆኑን እህቴ ዶክተር እታለማሁ የተረዳችው በዕለቱ ጠዋት ነው፤ በመስኮት ብቅ ብላ የእንጅባራ መንገድ ፈረስ በፈረስ ሆኖ ስታይ።

«ይኸነው፣ ዛሬ ምንድን ነው?»

«የፈረሰኞች በዓል ነዋ፣ እቴ!»

«ወይኔ ጉዴ!»

አገው ምድር ተወልዶ ጥር ሃያ ሦስትን የሚረሳ ሰው የለም፤ እሷም አልረሳችም። ቀጠሮውን የያዘችው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለነበር ሁለቱ ቀኖች ጭንቅላቷ ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም፤ ጥፋቱ ይኸው ነው።

ቀጠሮው ደግሞ ተራ አልነበረም። እታለማሁ ዳንግላ ስትማር የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች አቧራ እንዳይነካቸው በላስቲክ ተሸፍነው ነበር የሚኖሩት፤ ተማሪው የሚያውቀው ላስቲኩን ነው። እሷ ከዚያ ተነስታ ባሕር ዳር ተማረች፣ ውጭ አገር ሄዳ በኮምፒውተር አርክቴክቸር ዶክተር ሆነች። ኮምፒውተር ውስጥ ምን የት ይቀመጥ፣ ምን በየት በኩል ይለፍ የሚለውን የሚያጠና ሙያ ነው። ቺፕ በሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ለዓመታት ከሠራች በኋላ ኳንተም ኮምፒውተር መጣና ልቧን ወሰደው።

ለእኔ እንዳስረዳችኝ ከሆነ፣ ኪዩቢት የሚባሉት የኳንተም ቢቶች እጅግ ስስ ናቸው። ትንሽ ሙቀት፣ ትንሽ ንዝረት ያበላሻቸዋል። በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ደግሞ አንዱ ኪዩቢት መነጋገር የሚችለው ከጎረቤቱ ጋር ብቻ ነው። ከሩቁ ጋር ለማገናኘት መሐል ያሉትን እያቀያየሩ ማቀራረብ ያስፈልጋል፤ በተቀያየሩ ቁጥርም ስህተት ይገባል። የእሷ ምርምር መቀያየሩ እንዲቀንስ ከመነሻው ማን ከማን ጎን ይቀመጥ የሚለውን መደልደል ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሦስት ገምጋሚዎች በቪዲዮ ሊጠይቋት፣ እሷም ለዚያች ሰዓት ብቻ በኢንተርኔት በተያዘላት ኳንተም ማሽን ላይ ድልድሏን በቀጥታ ልታሳያቸው ነበር። ከተቀበሏት የምርምር ድጋፉን ይዛ እዚሁ ባሕር ዳር የራሷን ቡድን ታቋቁማለች። ካልተቀበሏት ወደ ኩባንያው ትመለሳለች፤ ቲኬቷም ተቆርጧል። እናታችን ስለ ኪዩቢት ባታውቅም ስለ ቲኬቱ ታውቃለች። የእታለማሁን የጉዞ ቦርሳ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች።

እኩለ ቀን ላይ ኔትወርኩ ጠፋ። ከተማው ሙሉ ስልኩን አንስቶ ፈረስ በቀጥታ ያስተላልፋል። ላፕቶፑ ላይ የምትዞረዋ ክብ ብቻ ቀረች።

«ወደ አዲስ ቅዳም! እዚያ ኔትወርክ አይጠፋም!» አለች እታለማሁ ጫማዋን በትክክል ሳታጠልቅ።

ደረሰ የሚባለውን የሰፈራችንን ባጃጅ ነጂ ከምሳው ላይ አስነሳነው። ከበዓሉ ወደዚያው የሚመለሱትን የፋግታ ፈረሰኞች በጡሩምባ መንገድ እያስከፈተ በረረ፤ በዝላይ ባጃጇ ከመሬት ስትነሳ እታለማሁ ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ትጮኻለች። መጮኋ ቀስ በቀስ ሳቅ ሆነ። እኔም ላፕቶፑ ኔትወርክ የሚያገኝበትን ስልኬን በጎን አውጥቼ «አንድ መስመር! ሁለት! ጠፋ! ሁለት!» እላለሁ።

«ሦስት!» ስል ደረሰ ቀጥ አድርጎ አቆማት። ዳገት ላይ ነበርን፤ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ በሁለት በኩል፣ ለጭነት የተደረደረ የከሰል ጆንያ መንገድ ዳር። ላፕቶፑን ጆንያዎቹ ላይ አስቀመጥን። እታለማሁ ነጠላዋን አስተካክላ ፊት ለፊቱ ቆመች። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሦስቱ ገምጋሚዎች ብቅ አሉ፤ መሐል ላይ ሽበታም ሊቀመንበር ሴት፣ በግራዋ ዝምተኛ ወጣት፣ በቀኟ ቅንድቡ የማይፈታ ሰውዬ።

ጥያቄው እንደተጀመረ የቀደምናቸው ፈረሰኞች ደረሱብን። ከፊት ያሉት አያ አድማሴ ነበሩ፤ ጎፈር ያደረጉ፣ ፈረሳቸውን በቀይ ጌጥ ያለበሱ፣ በአካባቢው ደም ሳይቀር በማስታረቅ የታወቁ ሽማግሌ። ሲያዩ ሦስት ሰዎች ላፕቶፑ ውስጥ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ አንዲት ሴት ፊታቸው ቆማ ትናገራለች። አያ አድማሴ ልጓሙን ሳቡ።

«ሽምግልና ነው?»

እኔ አፌን ሳልከፍት ደረሰ «አዎ አያ፣ ሦስት ፈረንጆች እያፋጠጧት ነው!» አላቸው።

በእነ አያ አድማሴ ዘንድ ሽምግልና እያዩ በፈረስ ማለፍ ነውር ነው። ሁሉም ወረዱ። ሣሩ ላይ ተደርድረው ተቀመጡና ጎፈራቸውን አስተካክለው ወደ ላፕቶፑ አፈጠጡ።

«ክሱ ምንድን ነው?» አሉኝ አያ አድማሴ በሹክሹክታ።

«ክስ አይደለም፣ አያ። ሥራዋን እየመረመሩ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት ብቻ የሚነጋገሩ፣ በትንሹ የሚቀያየሙ ነገሮች አሉ። እነሱን ሳታንገላታ ታገናኛቸዋለች።»

«እና ታዲያ ይኸ ሽምግልና ካልሆነ ምንድን ነው?»



እታለማሁ ሥራውን ወደ ማሽኑ ልትልክ ስትል መስመሩ ወደ አንድ ወረደ። ስልኩን ከፍ አደረግኩት፤ ሁለት ሆነ። ጆንያ ላይ ወጣሁ፤ ጆንያው ከዳኝና ከሰል ላይ ተቀመጥኩ። አያ አድማሴ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው በእርካብ ፈረሳቸው ላይ ዘለሉና ክንዳቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉት።

«አራት!» አለች እታለማሁ። «አያ፣ እንዳይነቃነቁ!»

ፈረሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሲጨፍር የዋለ ነው፤ እግሩ አላረፈም። ወደ ጎን ፈቀቅ አለ፣ ምስሉ ቆመ፤ ተመለሰ፣ ምስሉ ቀጠለ። ቅንድቡ የማይፈታው ሰውዬ ምስሉ በቆመ ቁጥር አፉን እንደከፈተ ይደርቃል። አያ አድማሴ ጎንበስ ብለው በፈረሱ ጆሮ በአዊኛ ለመኑት፣ ተቆጡት፣ አሞገሱት። ሲያሞግሱት ቆመ።

ሥራው ሄደ። ውጤቱ መጣ። በተለመደው ድልድል የተሠራው ግራፍ ላይ ትክክለኛው መልስ ከስህተቶቹ አይለይም፤ ሁሉም እንደታጨደ ሣር እኩል ነው። በእሷ ድልድል የተሠራው ላይ ግን አንዱ መስመር ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ያ የቆመው የማን ነው?» አሉ አያ አድማሴ ከፈረሱ ላይ።

«የእኛ!» አልኳቸው። ፈረሰኞቹ እልል አሉ።

ባለቅንድቡ ሰውዬ ዝም እስኪባል ጠበቀና ጠየቀ፤ ማሽኑ እጅግ ሲተልቅስ ድልድልሽ ይሠራል? እታለማሁ ትንሽ አሰበች። «አላውቅም፣» አለችው። «ድጋፉን የጠየቅኩት እሱን ለማወቅ ነው።»

ይህንንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ከእንግሊዝኛው ለእነ አያ አድማሴ ተረጎምኩላቸው።

«አላውቅም አለች?» አያ አድማሴ በደስታ ከኮርቻቸው ሊወድቁ ነበር። «ስንት ዘመን ስሸመግል አላውቅም ያለ ተከራካሪ አላየሁም! እኔ ዋሷ ነኝ! ንገሯቸው!»

ሊቀመንበሯ ድምፁ የማን እንደሆነ ጠየቀች። እታለማሁ ቀና ብላ ፈረሱን አየች፣ ክንዱን አየች፣ ስልኩን አየች። «ዋሴ ናቸው፣» አለች። «ኔትወርኬም እሳቸው ናቸው።»

ሊቀመንበሯ አመሰገነች፤ ውሳኔው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንደሚገለጽም ተናገረች። ስተረጉመው ሣሩ ላይ ያሉት ሁሉ በአንዴ ብድግ አሉ።

«ሳይፈርዱ?»

«ሳይፈርዱ ሊነሱ?»

«ይኸማ ደግ አይደለም፣» አሉ አያ አድማሴ። «እታለማሁ፣ ንገሪያቸው ልጄ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ሳይጨርስ አይነሳም። እኛም አንነሳም። እኔም ክንዴን አላወርድም።»

እታለማሁ አንገቷ ድረስ ቀላች። ይህ ነገር የዓመታት ልፋቷን በአንድ ቃል ሊያበላሸው ይችል ነበር። ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም ከሰል በከሰል ሆኜ ትከሻዬን ሰበቅኩ። ከዚያ ሳቋን ዋጠችና የተባለውን እንዳለ ነገረቻቸው፤ ክንዱን ሳይቀር።

ምስሉ ጠፋ።

«ተቆጡ?» አለ ደረሰ።

«ወይስ ኔትወርኩ ነው?» አልኩ።

«አራት መስመር ነው!» ጮኹ አያ አድማሴ። «እኔ ጋ ችግር የለም!»

ፈረሶቹ ያሽካካሉ። እታለማሁ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ብዙ ከቆየ በኋላ ምስሉ ተመለሰ። ዝምተኛው ወጣት ዓይኑን ይጠርጋል፤ በሳቅ ነው። ሊቀመንበሯ ጉሮሮዋን ጠረገች። ደብዳቤው በወጉ ይደርሳል፣ አለች፤ ነገር ግን ሦስታችንም ተስማምተናል፣ ክንዳቸው የዛለ ሰውም አሉና መደበቁ ተገቢ አይደለም። ተቀብለንሻል።

መተርጎም አላስፈለገም፤ እታለማሁ በደስታ ከመሬት ዘላ ነበር። ጎፈር በአየር ላይ ተወረወረ፣ ደረሰ የባጃጇን ጡሩምባ አልለቅም አለ፣ ሁለት ፈረሶች ደንብረው ዲከረንሱ ውስጥ ገቡ። እታለማሁ የአያ አድማሴን ጉልበት ስማ፣ የፈረሱን ግንባር ስማ፣ ደረሰን ስማ፣ እኔን ስትስም ፊቷ ከሰል ሆነ። እናታችን ጋ ልደውል ብዬ እጄን ኪሴ ስከት ስልኩ ሰማይ ላይ እንዳለ ትዝ አለኝ።

«ዝም በሉ!» አሉ አያ አድማሴ። «ምርቃት ይቀራል።»

በግራ እጃቸው ክንዳቸውን ደግፈው መረቁ፤ ለሥራዋ፣ ለተማሪዎቿ፣ ለማያውቋቸው ለእነዚያ ስስ ፍጥረቶች፣ ለገምጋሚዎቹ ልጆችና ከብቶች። በየመሐሉ እኛ «አሜን» እንላለን። አያ አድማሴ ግን ወደ ላፕቶፑ አዩና አቋረጡ።

«እነሱ አላሉም።»

እታለማሁ ለገምጋሚዎቹ አስረዳቻቸው። ሊቀመንበሯና ወጣቱ ተያይተው እየተንተባተቡ «አሜን» አሉ። ባለቅንድቡ ሰውዬ ግን እጁን እንደ አያ አድማሴ ወደ ላይ ዘርግቶ ከሁላችን በላይ ጮክ ብሎ አለው፤ ምርቃቱ ካለቀ በኋላም፣ ማንም ሳያዘው፣ አንዴ ደገመው።